በእሷ ጣት አራት

በእኛ ጊዜ ሰማይ ስልክ ውስጥ አልነበረም። ሰማይ ሰማይ ላይ ነበር፤ ይዘንብ እንደሆነ ለማወቅ ቀና ብሎ ማየት ነው፣ በቃ። ይኸው አንቺ ሀና፣ ከጠዋት ጀምረሽ ያንን ስልክ እያየሽ «እማማ፣ ከሰዓት ወልቂጤ ይዘንባል፣ ልብሱን አስገቢ» አልሽኝ፤ እሺ ብዬ አስገባሁ፤ ታዲያ ዘነበ ወይ? አልዘነበም፣ ልብሱም አልደረቀም። አያትሽ ክፍሌ ቢኖር ይስቅብሽ ነበር። አይ፣ አይስቅም፣ እሱ በዚህ ነገር አይስቅም፤ ደብተሩን አውጥቶ «ስልክ ይዘንባል አለ፣ ዝናብ ግን ቀረ» ብሎ ይጽፍ ነበር እንጂ። እየቀዳሽኝ ነው? ቅጂ፣ ግን ስትጽፊው እንደተናገርኩት ጻፊው፣ እንዳታሳምሪው።

እኛ የአረቅጥ ሰዎች ነን፤ እናንተ እዚህ ቆላ ተወልዳችሁ ብርድ አታውቁም። እዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ጉሙ ከሰው ጋር ቤት ይገባል፣ ከዚያ በረዶው ይመጣል፣ ከዚያ በኅዳር ውርጩ ይመጣና የእንሰቱን ቅጠል እሳት የበላው ያስመስለዋል። እና ጀፎረ አለን። አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ይህን የሚያነብ ሰው ግን ላያውቅ ይችላልና ልንገረው፤ ጀፎረ ማለት በመንደሩ መሃል ለመሃል የሚሄድ ሰፊ ሣር ነው፣ ቤቱ ሁሉ ግራና ቀኝ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ነው የሚሠራው። ለቅሶ እዚያ ነው፣ ሠርግ እዚያ ነው፣ ከብቱም እዚያ ይውላል። ታዲያ አይታረስም፣ አይታጠርም፣ አንዲት ካስማ አይተከልበትም። ይህ የአገር ደንብ ነው፤ እኛ ቂጫ እንለዋለን።

አባቴ ዘርጋ የዚያ ጀፎረ ጠባቂ ነበር። ሹመት አይደለም፣ ደመወዝም የለው፣ ሽማግሌዎቹ «አንተ ተመልከተው» ብለውት ነው። ታዲያ አባቴ ጠዋት ጠዋት ከዘራውን ይዞ ከዚህ አጥር እስከዚያ አጥር በእርምጃ ይለካዋል። የሰው አጥር ስንዝር ወደፊት ከመጣ ያውቃል፣ አያመልጠውም። ያውቅና ሰውየው ደጅ ይቆማል፤ አይጮህም፣ አይቆጣም፤ «አጥርህ እግር አውጥቷል» ይለዋል፣ ይሄዳል። ያ ሰው ከሰዓት አጥሩን ሲነቅል ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለ ሰው ነው አባቴ፤ ቃሉ ትንሽ ነው፣ ትንሿ ግን ትበቃለች።

ክፍሌ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነው፤ የእናቱ ቤት ከእኛ ቤት ሦስተኛው ነው፣ አባቱ ገና በልጅነቱ ሞቶበታል። አረቅጥ ገበያ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሁልጊዜ ሜትር የተንጠለጠለ ሰው ነው፤ ለቅሶ እንኳ ሲመጣ ሜትሩን ረስቶት ይመጣል። ታዲያ ደህና ሰው ነበር፣ ልክፍቱ እስኪይዘው ድረስ።

ልክፍቱን ያመጡበት መምህር ውበቱ ናቸው። መምህር ውበቱ የጎጃም ሰው ናቸው፣ በጃንሆይ ጊዜ አረቅጥ ለማስተማር ተልከው የመጡ። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሰፉ ይመጡና የያዙትን መጽሐፍ ክፍሌ አየው፤ ሥዕል አለው፤ ዛፉ ነጭ፣ ጣራው ነጭ፣ መንገዱ ነጭ። «ምንድን ነው ይሄ?» ይላቸዋል። «በረዶ ነው፣ ግን እንደኛው እየደበደበ አይወርድም፣ እንደተነፋ ዱቄት ዝም ብሎ ነው የሚወርደው፣ ወር ሙሉ ሳይቀልጥ ይተኛል» ይሉታል። እና ደግሞ በዚያ አገር የወረደውን በየቀኑ እየለኩ የሚጽፉ ሰዎች እንዳሉ ይነግሩታል። ማን ያዛቸዋል ብሎ ሲጠይቃቸው፣ አንዳንዱ ማንም ሳያዘው ስለሚወድ ብቻ ይጽፋል አሉት። አለቀ፣ ክፍሌ በዚህ ተያዘ። በማግስቱ ደብተር ገዛ።

ከዚያማ ምን የማይጽፈው አለ ብለሽ? ውርጭ የጣለበትን ቀን ይጽፋል፣ የመጀመሪያዋን አደይ ያየበትን ቀን ይጽፋል፣ ጉሙ ስንት ሰዓት እንደተገለጠ ይጽፋል። አንድ ጣሳ አጥር ላይ አሰረና የዝናቡን ውኃ በእንጨት ይለካል። በረዶ ሲጥል ደግሞ መኪናውን ጥሎ ወደ ጀፎረ ይሮጣል፤ ሣሩ በከብት የተጋጠ፣ ሜዳው የተስተካከለ ስለሆነ በረዶው እዚያ እኩል ይተኛል፤ ቁጢጥ ይልና እጁን አግድም አስጠግቶ አንድ ጣት፣ ሁለት ጣት እያለ ይለካል። ሰው ሳቀበት። «የደመና ጸሐፊ» አሉት። እናቱ ምስኪን «ሱሪ የሚሰፋ ልጅ ነበረኝ፣ ሰማይ ወሰደብኝ» እያለች በየቤቱ ታወራለች።

ታዲያ አንድ ችግር ነበረበት። ጨርቅና ክር ለመግዛት ቡታጅራ ገበያ ይወርዳል፣ ሲወርድ አድሮ ነው የሚመለስ፤ በረዶ ደግሞ ክፍሌ የለም ብሎ አይቀርም። አንድ ቀን አጥራችን ሥር መጣ፤ እኔ እንሰት ስፍቅ ነበር። እኔ ያኔ ለጋብቻ የደረስኩ ነኝ፣ የጉንችሬ ሰዎች ለልጃቸው ጠይቀውኝ አባቴ ለኅዳር መልስ እሰጣለሁ ብሏቸዋል። እና ክፍሌ አጥሩን ይዞ ቆመና «ዘርፌ፣ እኔ ቡታጅራ ስወርድ በረዶ ከጣለ ጣትሽን አስቀምጭልኝ» አለኝ።

«ለምንህ ነው?» አልኩት።

«እንዳያልፍ» አለኝ።

እንግዲህ ምን ትይዋለሽ? በረዶ እኮ ነው፣ ሊያልፍ ነው የመጣው። ግን እንዲያ ሲል ፊቱን ብታይው እሺ ትይው ነበር። እኔም እሺ አልኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ስለዚህ ቃጫ ላይ እቋጥርለታለሁ፤ ሁለት ጣት ከሆነ ሁለት ቋጠሮ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት። ሲመለስ በአጥሩ በኩል ቃጫውን እሰጠዋለሁ፣ ያየሽውን ንገሪኝ ይለኛል፣ ያየሁትን ሁሉ እነግረዋለሁ፣ ይሄዳል ይጽፋል። እንዲህ ሆነን ክረምቱ ገባ።

አንድ ቀን ታዲያ ቃጫውን ስሰጠው እጄን አየና ክው አለ። ምን ሆንክ አልኩት። «ጣትሽ ከኔ ጣት ይቀጥናል፤ እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ስህተት ነው» አለ። ማርያምን ነው የምልሽ፣ ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። ሰው ላም ሞታበት እንዲያ አያዝንም። ከዚያ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደና እጄን በአጥሩ ቀዳዳ ተቀብሎ ለካው፣ ከዚያ የራሱን ለካ፣ ደግሞ እንደገና የኔን ለካ። እኔ ወንድ እጄን ይዞኝ አያውቅም። እሱ ቁጥር ነው የሚያየው፤ እኔ ግን ቁጥር አላየሁም። ከዚያ ደስ አለው፣ «አራቱ ያንቺ ሦስት የኔን ያህላል፣ በቃ ይስተካከላል» አለ። «ስምሽን አልጽፍም፣ ሰው እንዳያውቅ በእሷ ጣት ብዬ ብቻ እጽፋለሁ» አለኝ። ይህን ብልሃት ነው ብሎ ነው እኮ።

በመስከረም፣ መስቀል ሳይደርስ፣ ያ ክፉ በረዶ መጣ። ክፍሌ ቡታጅራ ነው። ቀኑ ደህና ውሎ ከሰዓት ጠቆረና ወረደ፤ ቤቱ ውስጥ ሰውና ሰው አይደማመጥም። ሲያባራ ወጣሁ፣ ጀፎረው ከዳር ዳር ነጭ ሆኗል፤ ያ የመምህሩ ሥዕል ማለት ይሄ ነው አልኩ። ቁጢጥ ብዬ እጄን አስቀመጥኩ፣ አራት ጣት። ከዚያ ቀና ስል ከቤታችን ጎን ያለውን ማሳችንን አየሁ። ገብሳችን ሊያሽት የደረሰ ነበር። ተኝቷል። አባቴ መሃሉ ተንበርክኮ በባዶ እጁ በረዶውን ከገብሱ ላይ እየለቀመ ይጥላል፣ እየለቀመ ይጥላል። ያንን ሁሉ ማሳ። እኔን አላየኝም፤ ተመልሼ ገባሁ። ወደ ማታ ላይ ገባና እናቴ «ገብሱስ?» ስትለው «ትንሽ ነካ አድርጎታል» ብሎ ቁጭ አለ። ጣቱ ቀልቷል፣ ጋቢው ውስጥ ደብቆታል። እኔም ለማንም አልተናገርኩም፣ ለክፍሌ ብቻ ስነግረው አለቀስኩ።

ጥቅምት ላይ ክፍሌ አበደ። ምን ሆነ መሰለሽ፣ በእናቱ አጥር ላይ ያሰራት ጣሳ የእንሰት ቅጠል እየተንጠባጠበባት ውኃው ይበዛል፤ መምህሩ ጣሳ ገላጣ ቦታ ነው የሚቆም ብለውታል። ገላጣ ቦታ ደግሞ በመንደሩ አንድ ነው። ታዲያ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ጀፎረው መሃል ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ አጠና ይተክልልሻል፣ ጣሳውን ከላዩ ያስርልሻል። ደግሞ በኛ ቤት ፊት ለፊት። ለምን እዚያ ስለው መሃሉ እዚያ ስለሆነ ነው ብሎ እስኪሞት ድረስ ምሏል። እኔ አላመንኩትም።

አባቴ እርምጃውን እየቆጠረ መጣ፣ መጣ፣ አጠናው ጋ ሲደርስ ቆመ። በሩ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ጣሳውን አየ፣ እንጨቱን በከዘራው መታ መታ አደረገው። አልነቀለውም፤ ጀፎረ ላይ የተተከለ ነገር ሽማግሌ ሳይቀመጥ አይነካም። ገባና ለእናቴ «የሚቀጥለው እሁድ እንቀመጣለን» አላት። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ዳር ካለው ዝግባ ሥር ተቀመጡ። እኔና እናቴ ደጃፋችን ላይ ቆመናል፣ ሁሉ ነገር ይሰማል። አንደኛው ሽማግሌ «ዛሬ እንጨት፣ ነገ አጥር፣ ከነገ ወዲያ ቤት» አለ፣ ሁሉም ልክ ነው አሉ። በግ ይቀጣ፣ እንጨቱ ይነቀል፣ ደብተሩም ይቃጠል ተባለ፤ ይህን ሁሉ ያመጣው ደብተሩ ነውና። ክፍሌ እንጨቱ ይነቀል ሲባል እሺ አለ፣ በግ ሲባልም እሺ አለ፤ ደብተር ሲባል ግን ከተቀመጠበት ተነሳ፣ ሜትሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ተመልሶ ተቀመጠ።

ያኔ መምህር ውበቱ ተነሱ። እሳቸው ሊረዱት ነው፣ እግዜር ይይላቸውና ሊረዱት። «አባቶቼ፣ ይህ ልጅ መሬት ሊቀማ የመጣ አይደለም፤ ከመፍረዳችሁ በፊት የጻፈውን አንድ ጊዜ ስሙት» አሉ። በአማርኛ ነው፤ ከሽማግሌዎቹ ግማሹ አይሰማም፤ ስለዚህ መርካቶ የሚነግደው፣ ለመስቀል መጥቶ ገና ያልተመለሰው የእናቴ ወንድም ሳህሌ በጉራጊኛ እንዲተረጉም ተደረገ። መምህሩ ደብተሩን ገለጡ። «ሐምሌ፣ በረዶ፣ ሁለት ጣት» ብለው አነበቡ፣ ሳህሌ ተረጎመ፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አዎ ያ ቀን አሉ። «ነሐሴ፣ በረዶ፣ በእሷ ጣት ሦስት» አሉ መምህሩ።

ሳህሌ መተርጎሙን ትቶ መምህሩን አየ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ ምልክቱ ይኸው ነበር፣ ወር ሙሉ ቆየ።

«ተርጉም» አለው አባቴ። አባቴ እኮ አማርኛ ይሰማል፤ ግን ተርጉም አለው። ሳህሌ ተረጎመ። የማን ጣት ነው የሚል ጉርምርምታ መጣ። አባቴ ወደ ክፍሌ አላየም፣ ወደኛ ደጅም አላየም፣ «ቀጥሉ» አላቸው መምህሩን። ምስኪን ሰው ምን እንደያዙ አሁን ገባቸው፣ ገጽ ሊዘሉ ፈለጉና ዘለው የገለጡት ገጽ የባሰው ሆነ። «አራቱ የእሷ ሦስት የእኔን ያህላል» ይላል።

«ይህን በምን አወቅህ?» አለ አባቴ።

ክፍሌ ተነሳ። መዋሸት ይችል ነበር እኮ፣ በዓይኔ ገመትኩ ቢል ማን ያውቅበታል? «በሜትር ለክቼ» አለ።

«እጇን ይዘህ?»

«አዎ አባቴ፣ እጇን ይዤ። በአጥሩ በኩል» አለ። በአጥሩ በኩል የሚለውን ባይጨምረው ምን ነበረበት? ግን ልክ እንዲሆን ፈልጎ ነው። ጉንችሬ ታየኝ፤ ኅዳር ሳይደርስ፣ ሳልታጠብ ሳላበጥር፣ በዚያው ሳምንት ሲልኩኝ ታየኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እዚያ ደጅ ላይ ቆሜ ነው ያወቅኩት፤ እኔ ከዚህ የደመና ጸሐፊ ሌላ ሰው እንደማልፈልግ።

አባቴ «በመስከረም የጣለውስ ተጽፏል?» አለ።

መምህሩ አገላብጠው አገኙት፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በእሷ ጣት አራት። የዘርጋ ገብስ ተኝቷል። አባቷ ተንበርክኮ በረዶውን በእጁ ሲለቅም ነበር። ለቤቱ ሰው ትንሽ ነካ አድርጎታል አለ። ጣቱን ደበቀ» ይላል። ሳህሌ ይህንንም ተረጎመ። እናቴ ክንዴን ለቀቀችኝ፤ እሷም ገና መስማቷ ነው።

አባቴ መሬት መሬት ያያል። ከዚያ «ማንም አላየኝም ብዬ ነበር» አለ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ ነው። ጣቶቹን ዘርግቶ አያቸው። ኋላ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ፣ እሱ ሲፈርድ ቆሞ ነው።

«ደንብ ደንብ ነው» አለ። «እንጨቱ ይነቀል። የተከለው ሰው ጉድጓዱን በእጁ ይድፈን፣ ሣር ይትከልበት፣ እግሬ ሲረግጠው እንዳያውቀው። ደብተር ግን አይቃጠልም፣ የእኔ ገብስ አለበት።» ከዚያ ወደኛ ቤት በከዘራው አመለከተ። «ጣሳው በእኔ ግቢ ይተከል፣ ግቢዬ ገላጣ ነው። ሊያየው የሚመጣ ግን በአጥር አይመጣም። በበር ይመጣል፣ ሽማግሌ ይዞ።»

ገባሽ? መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ ሳህሌ ሳይተረጉም ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። ክፍሌ ብቻ ነው ያልገባው፤ «በየቀኑ ሽማግሌ ይዤ?» ብሎ ጠየቀ። ማርያምን፣ ጠየቀ።

እንጨቱን ነቀለ፣ ሣሩን ተከለ፣ አባቴ ሦስት ቀን እየተመላለሰ ረገጠው። ጣሳው ግቢያችን ውስጥ ቆመ። የመጀመሪያው ዝናብ ሲዘንብ ታዲያ በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ በር ይንኳኳል። አባቴ ከፈተ፤ ክፍሌ ብቻውን። «ሽማግሌዎቹስ?» አለው። «ተኝተዋል አባቴ፤ ዝናቡ እኮ ሽማግሌ አይጠብቅም፣ ፀሐይ ስትወጣ ይተናል» አለው። አባቴ አስገብቶት ጣሳውን አሳየው፣ ውኃ እንኳ ቅመስ ሳይለው መለሰው። ከጓዳ ሆኜ አየሁት፤ አባቴ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይስቃል። አባቴን ሲስቅ ያየሁት ጥቂት ቀን ነው፣ ያ አንዱ ነው።

ለጉንችሬ ሰዎች በኅዳር ይቅርታ ተላከ። ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ፊት ፊት መምህር ውበቱ፣ ጥፋታቸውን ሊክሱ። ተጋባን፣ አንቺም ይኸው አለሽ። ታዲያ አባቴ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰለሽ፣ በረዶ በጣለ ቁጥር ከክፍሌ ቀድሞ ይወጣል፣ ያንን ወፍራም ጣቱን ያስቀምጣል፣ «ጻፍ፣ በእኔ ጣት ሁለት ተኩል» ይለዋል። እና ክፍሌ የእሱንም ጣት በሜትር ለካው። አማቱን እኮ ነው። ደብተሩ ላይ ሦስት ጣት ሆነ፤ የክፍሌ፣ የእኔ፣ የአባቴ። አባቴ ከሞተ በኋላ በረዶ የጣለ ቀን፣ ክፍሌ የእሱን ቦታ ባዶ ተወው፤ አልሰረዘውም፣ ባዶ ተወው። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ባዶ ግን አውቃለሁ።

አሁን ክፍሌም የለም። ሜትሩ የስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሂጂ አምጪው እስቲ። አምጪው ስልሽ። ይኸው፣ ቁጥሩ ደብዝዟል ግን ይነበባል። እጄን ለኪ፣ አራቱን ጣት። ወፍሯል አይደል? እርጅናው ነው፣ ቁርጥማቱ አሳበጠው። ስንት ሆነ? ያኔ የለካው ደብተሩ ላይ አለ፣ አስተያዪው።

«እማማ፣ አሁን ሦስቱ ብቻ ያኔ አራቱ የነበሩትን ያህላሉ እኮ» አልሽኝ? ይህንንም ጻፊው።

አየሽ፣ ደረስኩበት ማለት ነው፤ የኔ ሦስት የሱን ሦስት አከለ። አሁን ብንለካ በደብተሩ ላይ ማስተካከል አያስፈልገውም ነበር፣ ደግሞ ያንን እጄን ለመያዝ ምን ሰበብ ያገኝ ነበር? ሳቂ፣ ሳቂ፣ እኔም እየሳቅኩ ነው። ስልኩን አጥፊው በይ። ከማጥፋትሽ በፊት ግን ያንን ዛሬ ሳይመጣ የቀረውን ዝናብ ጻፊልኝ፣ እንዳያልፍ። ምንም አልወረደም በይ፤ በእሷ ጣት ብለሽ ጻፊው።